ባትሪ የጨረሰው ሆያ ሆዬ

ነሐሴ 12 ማታ ነው። ዝናቡ አባርቷል፤ ደረጃው ግን እንደረጠበ ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ እኔ ቤት፣ የብሎካችን ሰዎች ቡና ከበን ተቀምጠናል። ጾም ስለሆነ ከቆሎ በስተቀር የሚቀማመስ የለም። ሁለተኛው ሲቀዳ በሩ ተንኳኳ።

ከፈትኩ። ስድስት ልጆች ቆመዋል። አንዱ ዱላ ይዟል። ፊት ለፊት የቆመው ግን የያዘው ስፒከር ነው፤ የውሃ ኮዳ የምታክል፣ ሰማያዊ መብራቷ ብልጭ ድርግም የሚል። ቁልፏን ተጫናት። ከውስጧ የትልልቅ ሰዎች ሆያ ሆዬ ወጣ፣ ኪቦርድ የገባበት። ልጆቹ አልዘፈኑም። "ሆ" የሚለው ቦታ ሲደርስ ብቻ ሦስቱ አፋቸውን ከፈቱ። ባለ ዱላው ወለሉን ነካ ነካ አደረገና የታችኞቹን ቁጣ ፈርቶ ተወው። ዘፈኑ እኩሌታ ሳይደርስ አንዱ ወረቀት ዘረጋልኝ። የቴሌብር ቁጥር ነው።

50 ብር ላክሁ። ምርቃቱም የተቀዳ ነው። እሱን አሰሙኝና ወደ ላይ ወጡ።

ተመልሼ ስቀመጥ ክርክሩ ተጀምሯል።

"ይሄ ጭፈራ አይደለም። ማስታወቂያ ነው" አሉ ጋሼ።

የማንንም ስም አልጠራም። ነገም እዚሁ ደረጃ ላይ እንገናኛለን። ጋሼ ስልሳ አምስትን ያለፉ፣ መሀል ከተማ ተወልደው ያረጁ፣ ዕጣ ደርሷቸው እዚህ የመጡ ሰው ናቸው።

"ተው እንጂ ጋሼ" አለ ዳንሰኛው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ጂም ውስጥ እስክስታም ዘመናዊም ያስተምራል። "ልጆቹ ወጥተዋል አይደል? በዚህ ዝናብ ስልካቸው ላይ ተደፍተው ማምሸት ይችሉ ነበር። ስፒከር ያዙ፣ ዱላ ያዙ፣ ምን ለውጥ አለው?"

"ለውጡማ፣ ዱላ ባትሪ አይጨርስም።"

ሳቅን። ጋሼ ግን አልሳቁም።

"እኛ ሰፈር ሆያ ሆዬ ልንል ስንነሳ ከሳምንት በፊት እንሰበሰብ ነበር። ግጥም አውጪ አለን። የእያንዳንዱን ቤት ነገር ያውቃል። አናጢው ደጅ ስንደርስ ስለ መጋዙ፣ ሻለቃው ደጅ ስንደርስ ስለ ጀብዱው ይላል። ሐዘን ያለበት ቤት ስንደርስ ደግሞ ዱላችንን አንስተን፣ ቀስ ብለን በእግር ጣታችን እናልፋለን። ይቺ ስፒከር ለቅሶ ቤት መሆኑን በምን ታውቃለች?"

"አላወቀችም" አለች ቲቸር።

ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን።

"ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ እናቱን ከቀበረ ሁለት ሳምንቱ ነው። ልጆቹ በሩ ላይ ሲያጫውቱ ሰምቻለሁ። ከፍቶ ብር ሰጣቸው። ምን ያድርግ?"

ሰውየውን በየቀኑ ደረጃ ላይ ሰላም እለዋለሁ። እናቱ መሞታቸውን አልሰማሁም ነበር። ለጊዜው ዝም አልኩ።

ቲቸር የምንላት ከሰቆጣ አካባቢ የመጣች መምህርት ናት። ክርክር ውስጥ ስትገባ እንደ ክፍል ውስጥ ቀስ ብላ ነው የምትጀምረው። ከአራት ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 16፣ በአገሯ ሻደይ ይጀመራል። በዚህ ሰሞን ሁልጊዜ ልቧ ስፍራው ላይ አይሆንም።

"ሻደይ ማለት ቅጠሉ ነው" አለች። "ረጃጅም፣ ለምለም። ወገባችን ላይ ዙሪያውን እናስረዋለን፤ ስንጨፍር አብሮን ይወዛወዛል። ፍልሰታ ሲፈታ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፣ ከዚያ በየቤቱ። ከበሮ አለ፣ ጭብጨባ አለ። ዓመቱን ሙሉ 'ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ' የተባለች ልጅ በእነዚያ ቀናት ማንም አይቆጣትም። ላስታ ብትሄዱ አሸንድዬ ነው። ራያ ቆቦ ሶለል ነው። ትግራይ አሸንዳ ይሉታል፤ አክሱም ደግሞ ዓይኒ ዋሪ። ተራራ በተሻገራችሁ ቁጥር ስሙ ይቀየራል። ለምን ይመስላችኋል? ጭፈራው የቦታው ስለሆነ ነው። ከቦታው ከነቀልከው አለቀለት።"

"አዲስ አበባም ይከበራል እኮ ቲቸር" አለ ዳንሰኛው። "በየዓመቱ።"

"ሄጃለሁ። አዳራሽ ውስጥ። ቆንጆ ቆንጆ ልጆች፣ ቆንጆ ልብስ። አንዷን ጠጋ ብዬ 'ይሄን ቅጠል ከየት ቆረጣችሁት?' አልኳት። 'አዘጋጆቹ ናቸው ያደሉን' አለችኝ። እኛ ዘንድ ቅጠሉን ልንቆርጥ ስንሄድ ነው የጨዋታው ግማሹ! ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈች፣ ማን እንደታጨች፣ ሁሉም እዚያ ይወጣል። እሷ ታድሏት ታጠቀች።"

ዳንሰኛው ትንሽ አሰበ።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አላለቀሱም?"

ቲቸር ሲኒዋን አስቀመጠች። "አልቅሻለሁ። ያ ሌላ ነገር ነው።"

"ሌላ አይደለም!"

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የጦፈው። ሁለቱም አንድ ላይ ማውራት ጀመሩ። ጋሼም ገቡበት። ባለቤቴ ጀበናውን ከመሀል አነሳችው። ክርክር ሲጦፍ እጅ እንደሚወራጭ ታውቃለች።

መጨረሻ ላይ ዳንሰኛው ድምፁን ከፍ አድርጎ ተሰማ። የያዘው ክርክር ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ሮይስተን ማልዱም የሚባል እንግሊዛዊ ኮሪዮግራፈር አዲስ አበባ መጥቶ ጎዳና ላይ ከሚኖሩ ልጆች ጋር ዳንስ ሠራ። ከእነሱ መሀል የተመረጡት ዓመታት ሠልጥነው "አዱኛ" የተባለ የዳንስ ቡድን ሆኑ። በኋላ እነሱ ራሳቸው ሌሎችን ማስተማር ጀመሩ፣ አካል ጉዳተኞችንም ጨምሮ። ዳንሰኛው ታሪኩን ከአስተማሪው ነው የሰማው። ሲያወራው ግን እዚያ የነበረ ነው የሚመስለው።

"እስቲ ንገሩኝ፣ ለእነዚያ ልጆች ቦታቸው የቱ ነበር? በርንዳው? ቱቦው? ቅጠል የሚቆርጡበት ተራራ የላቸው፣ ግጥም የሚያወጡለት አናጢ የላቸው። ቦታቸው ጭፈራው ራሱ ነው። ልምምድ ቤት ሲገቡ ቤታቸው ገቡ። እናንተ 'መጀመሪያ ሰፈር ይኑርህ፣ ከዚያ ትጨፍራለህ' ነው የምትሉት። እኔ ደግሞ የምለው፣ መጀመሪያ ጨፍር፣ ሰፈሩ ይመጣል።"

እውነቱን ለመናገር በዚህ ሰዓት ወደ እሱ አዘንብዬ ነበር።

ጋሼ ግን እጃቸውን አነሱ። ለወጣቶች ልንገርላቸው፤ በ1967 የከተማ ቦታ አዋጅ ወጥቶ ቀበሌ ከተቋቋመ በኋላ፣ በደርግ ዘመን ቀበሌዎች የኪነት ቡድን ነበራቸው። የሰፈሩ ወጣት ማታ ማታ አዳራሽ ይሰበሰባል፣ ይለማመዳል፣ ከሌላ ቀበሌ ጋር ይወዳደራል። አብዮቱን ማወደስ ግዴታ ነው። የቀረው ጊዜ የጭፈራ ነው። ጋሼ ከእነዚያ ወጣቶች አንዱ ነበሩ። እስከ ዛሬ ሲራመዱ ትከሻቸው ይታዘዝላቸዋል።

"በሃያ ደቂቃ ኢትዮጵያን እናዞራችሁ ነበር" አሉ። "ጎጃም በትከሻ፣ ጉራጌ በእግር፣ ወላይታ በወገብ። ልብስ የምንቀይርበት ጊዜ ስለሌለ አንዱን በሌላው ላይ ደርበን እንለብሳለን። በ1980 ሕዝብ ለሕዝብ የተባለው የኪነት ቡድን ዓለምን ሲዞር፣ እኔም እጠራለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር።"

አልተጠሩም። ይህችን ሲያነሷት እስከ ዛሬ ቅር ይላቸዋል።

"ታዲያ ከእነዚያ አገሮች አንዱንም በዓይኔ አላየሁም ነበር። ወላይታ ሶዶን ያየሁት ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፣ ሰርግ ተጠርቼ። ሙዚቃው ሲጀምር ዘልዬ መሀል ገባሁ። አውቀዋለሁ አይደል! ሰው አጨበጨበልኝ። አንዲት አሮጊት ግን መጥተው ትከሻዬን ያዙና አዞሩኝ። አንድ ነገር አሉኝ። አጠገቤ ያለው ልጅ ተረጎመልኝ፤ 'ማንን ነው የምታየው?' ነው ያሉት። ለካ ግድግዳው ላይ አፍጥጬ ነው የምጨፍረው! ሌላው ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። አንዱ ሲል ሌላው ይመልሳል። እኔ ብቻ ተመልካች እዚያ የተቀመጠ ይመስል ወደ አንድ ወገን። ስንት ዓመት ፊቴ ወደ ወንበሩ ነበር። ሰውነቴ እዚያው ቀርቷል።"

ማንም አልተነፈሰም። ዳንሰኛው እንኳ እግሩን አጠፈ። የእሱ ተማሪዎች ወደ መስታወት ዞረው ነው የሚጨፍሩት። ይህን ያሰበ ይመስለኛል። አልጠየቅሁትም።

በኋላ ግን መለሰ፤ "ስለዚህ ጥፋቱ የመድረኩ ነው እንጂ ከአገር መራቁ አይደለም። እርስዎን አሮጊቷ በአንድ ደቂቃ አዞሩዎት። ዞረው አልጨፈሩም?"

"ጨፈርኩ እንጂ። እስኪነጋ።"

"ይኸው!"

"ይኸው ምን ይኸው? ያዞሩኝ አሮጊት እኮ የዚያ አገር ሰው ናቸው! እዚህ ማን ያዞረኛል?"

እስካሁን ቆሎውን ብቻ ሲያነሳ የቆየው ሹፌር የተናገረው ይሄኔ ነው። ሲኖትራክ ነው የሚነዳው። ደቡቡን እንደ ጓሮው ያውቀዋል። ሲናገር ወደ ማንም አያይም። መንገድ ላይ የለመደበት ይመስለኛል።

"ኮንሶ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ?"

አልሄድንም።

"መንደሩ በድንጋይ ካብ የታጠረ ነው፣ ካብ በካብ ላይ። መንገዱ ጠባብ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይሄድም። መሬት ውድ ነው፣ ሁሉም እርከን ነው። ግን መንደሩ ውስጥ ሞራ የሚባል አደባባይ አለ። አንድ ብቻ አይደለም። ሽማግሌ እዚያ ይቀመጣል፣ ዳኝነቱ እዚያ ነው፣ ጭፈራው እዚያ ነው። ያላገቡ ወንዶች ልጆች የሚያድሩበት ትልቅ ጎጆ አለ፣ እዚያው። ዩኔስኮ በ2011 በፈረንጆች አቆጣጠር የመዘገበው ይሄን ነው። አያችሁ፣ ቦታ የጠበበው ሰው ነው ለጭፈራ ቦታ ያስቀረው።"

"ሐዋሳም እንደዚያው ነው" ቀጠለ። "የሲዳማዎች አዲስ ዓመት፣ ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ ቄጣላ ሲጨፍሩ አይቻለሁ። አባቶች ቀኑን ከኮከብና ከጨረቃ አይተው ይናገራሉ። ሰው ከየወረዳው ይተማል። እየዘመረ፣ እየረገጠ። መኪናዬ ውስጥ ሆኜ መሬቱ ሲነዝረኝ ተሰምቶኛል። እሱም በ2015 በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ከተማ መሀል ነው ያለው ቦታው፣ እዩልኝ። ቤት አልተሠራበትም።"

ከዚያ በመስኮቱ ወደ ታች አሳየን። ከታች ያለው ፓርኪንግ ነው። መኪኖቹ ውሃ ላይ ቆመዋል።

"የኛ ሞራ" አለ።

"ኮሚናሉስ?" አልኩት።

"ኮሚናል ለሰርግና ለለቅሶ ነው። ለዚያውም ተከራይተህ። እዚያ ገብቶ ዝም ብሎ የጨፈረ ሰው ካየህ ንገረኝ።"

አላየሁም። ደመራና ችቦ እንኳ ጥበቃው ሳይከለክል ለማቃጠል ስንት ድርድር ነው።

"ቦታውን ብትሰጡኝ ነገ አስጨፍራለሁ" አለ ዳንሰኛው። "ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት። በነፃ። መቶ ሰው ባያመጣ እኔ አይደለሁም።"

"መቶ ሰው ታመጣለህ" አለች ቲቸር። "መቶውም ወደ አንተ ዞሮ ይጨፍራል። ሲያልቅ መቶውም ስሙን ሳይነጋገር ወደ ቤቱ ይገባል።"

ይህቺ ወጋችው። እኔም የእሷ ነገር ትንሽ የበዛ መሰለኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት መቶ ሰው ከቤት ማውጣት እዚህ ግቢ ውስጥ ተአምር ነው። ደግሞ ቲቸር ራሷ የብሎኩን ስብሰባ ቀርታ ታውቃለች። ግን አላልኩም።

ባለቤቴ ሦስተኛውን እየቀዳች፣ እንደ ቀልድ፣ ወደ እኔ ዞረች።

"አንተ እድር የምትከፍለው የት ነው?"

ታውቃለች እኮ። እዚህ ከገባን አምስት ዓመት ሆኖናል። እድሬ ግን አሁንም የድሮው ሰፈር ነው። በየወሩ እከፍላለሁ። ቤቱ ፈርሷል። ጎረቤቱ ተበትኗል፤ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ቱሉ ዲምቱ። እድሩ ግን አለ። ስንሞት የሚቀብሩን እነሱ ናቸው።

"እኔም የድሮው ነው" አሉ ጋሼ።

"እኔም" አለ ሹፌሩ።

ዳንሰኛው እድር የለውም። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው አልኳችሁ እኮ።

ይሄኔ ደረጃው ላይ የእግር ድምፅ ተሰማ። ልጆቹ ከአምስተኛ ፎቅ እየወረዱ ነው። ድምፅ የለም። በሩ ክፍት ስለነበር አየኋቸው፤ ስፒከሯን የያዘው ልጅ በመዳፉ ይመታታል። ሰማያዊው መብራት ጠፍቷል።

"ባትሪ ጨረሰ" አለ፣ ሳልጠይቀው።

ጋሼ ከመቀመጫቸው ሲነሱ ጉልበታቸው ቀጭ አለ። ኮሪደሩ ላይ ወጡና ለባለ ዱላው እጃቸውን ዘረጉ። ልጁ ሊቀጡት መስሎት ነው መሰለኝ፣ ዱላውን ሰጥቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

"የቱ ቤት ነው የቀራችሁ?"

ልጆቹ ከእኔ ቤት ትይዩ ያለውን በር አሳዩ። "አልከፈቱልንም።"

"ማነው የሚኖረው?" ጋሼ ይህን የጠየቁት እኛን ነው።

ተያየን። በሩ ከበሬ ሦስት ሜትር አይርቅም። አምስት ዓመት። ቡናማ ምንጣፍ እንዳለው አውቃለሁ። መብራት ሲጠፋ ሻማ እንደሚበራበት አውቃለሁ።

"አንዲት ልጅ ናት" አለ ሹፌሩ። "ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መኪና ሳስነሳ ስትወጣ አያታለሁ። እጇ ላይ ነጭ ገዋን ይዛለች።"

"ነርስ ናት" አለ ከልጆቹ ትንሹ። "ጤና ጣቢያ ለእህቴ ክትባት የወጋቻት እሷ ናት።"

ከኛ ሁሉ እሱ ያውቃል።

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ዱላውን ወለሉ ላይ አሳረፉት፣ አንዴ። ድምፁ እስከ ታች ተሰማ። ለልጆቹ "እናንተ 'ሆ' በሉ፣ እየተያያችሁ" አሏቸውና አወጡ፤

"የኛማ እመቤት ባለ ነጭ ገዋን፣
ማለዳ ስትወጣ ቀደመች ወፏን።"

"ሆ!" አሉ ልጆቹ። የመጀመሪያው "ሆ" አልተገጣጠመም። ሦስተኛው ላይ ተገጣጠመ። በዱላው፣ በእግራቸው፣ በአንድ ላይ መርገጥ ጀመሩ። ዳንሰኛው መሀላቸው ገባ። መጀመሪያ እንደ አስተማሪ ፊት ፊት ቆሞ ነበር። ቲቸር ጃኬቱን ይዛ አዞረችው።

በሩ ተከፈተ። ፒጃማ ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ ስልክ በእጇ። ለካ ተኝታ ነው፤ ነገ ገቢ ናት። ግጥሙን ደግመው ሲሉላት አፏን በእጇ ያዘች። ስሟን ነገረችን። እዚህ አልጽፈውም።

ሁለተኛው ግጥም የጋሼ አይደለም። ባለ ስፒከሩ ልጅ ነው ያወጣው፣ ወደ ሹፌሩ ዞሮ፤

"የኛማ ጋሼ ባለ ሲኖትራክ፣
ዳገቱን ሲወጣ የማይንበረከክ።"

ሹፌሩ መቶ ብር አወጣ። የቴሌብር ቁጥር አልጠየቀም።

ሁሉም ነገር ያማረ እንዳይመስላችሁ። ከታች አንድ ሰውዬ በሩን ከፍቶ "ሕፃን አስተኝቻለሁ! ሰው አይደላችሁም?" አለ። እውነቱን ነው። ዱላውን ትተው በጭብጨባ ቀጠሉ። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርሱ ደግሞ ጋሼ ከላይ "እሽ" አሏቸው። ልጆቹ በእግር ጣታቸው አለፉ። ትንሹ ልጅ በሰውየው በር ላይ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነበር ያለፈው። ማን እንዳስተማረው እንጃ።

እንግዶቼ ከሄዱ በኋላ ሲኒ እያጣጠብኩ ነገሩን አመላለስኩት። ፈራጅ አድርጎ የሾመኝ ባይኖርም ልፍረድ።

ቲቸር ስለ ቅጠሉ እውነቷን ነው፤ ስለ ተራራው ግን አልስማማም። እሷ የናፈቃት ሰቆጣ ብቻ አይደለም። ቅጠል ሲቆረጥ የሚወራው ወሬ ነው፤ ማን እንደተኳረፈ፣ ማን እንደታጨ። ያ ወሬ እዚህ ብሎክ ውስጥም አለ። የሚያወራው ሰው ነው የጠፋው። ዳንሰኛው ደግሞ ጭፈራ ሰፈር ይፈጥራል ሲል አምነዋለሁ። የአዱኛ ልጆች ምስክር ናቸው። ነገር ግን እነዚያ ልጆች ለዓመታት በየቀኑ ተያይተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ በስፒከር መቶ ሰው ማስጨፈር እንደዚያ ነው ብሎ ከመጣ እኔን አያሳምነኝም። ይምጣ ግን፣ እሄዳለሁ። ሹፌሩ ያነሳው የቦታ ነገር ከሁሉም የከበደ ነው። ለመኪና መስመር ሲሰመር ለሰው ያልተሰመረበት ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው። ቢሆንም ያን ማታ የጨፈርነው ሦስት ሜትር ኮሪደር ላይ ነው።

ስፒከሯ ላይ ያለኝ ቅሬታ ማሽን በመሆኗ አይደለም። ለነርሷም፣ ለሹፌሩም፣ እናቱን ለቀበረውም አንድ ዓይነት ነገር ነው የምትለው። ሆያ ሆዬ እንደዚያ አይባልም። ደጅ ላይ ቆመህ ስለ ባለቤቱ አንድ ነገር ካላወቅህ ግጥም አይወጣልህም፤ "ሆ" ብቻ ነው የሚቀርህ። የልጆቹ ጥፋት ነው ወይ? እኔ ራሴ አምስት ዓመት ሙሉ ያለ ግጥም ነው የኖርኩት። ጋሼ ልጆቹን ሲወቅሱ አብሬ ራሴን ነቅንቄ ነበር። ያንን አንስቻለሁ።

በማግስቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ባለ ስፒከሩ ልጅ ነው፣ ብቻውን። ስፒከሯን አልያዘም። ደብተር ይዟል። የሒሳብ ደብተር ነው፣ ካሬ ካሬ ያለው። በአንድ በኩል የቤት ቁጥር ጽፏል፣ በሌላ በኩል ስምና ሥራ። ከአንደኛ ፎቅ ጀምሮ ነው የመጣው። ግማሹ ባዶ ነው። ሦስተኛ ፎቅ አንድ ቤት ላይ ሥራ የሚለው ቦታ "ዘንድሮ አይዘፈንም" ይላል።

"ጋሼ፣ ምንድነው የሚሠሩት?"

"ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ።"

ጻፈው። እርሳሱን አፉ ውስጥ ከተተ። ፊቱ ላይ ቅሬታ አየሁ፤ እውነትም ከሲኖትራክ ጋር አይወዳደርም።

"ሒሳብ... ከምን ጋር ይገጥማል?"

አላውቅም አልኩት። ደብተሩን አጥፎ ወረደ። በሩን ልዘጋ ስል እግሩ ደረጃው መሀል ላይ ቆመ።

"ሐሳብ!" ብሎ ጮኸ።